ሮኬትን በማስመሪያ መማር፦ ከአሮጌ ሜዳ እስከ ጎንደር ትምህርት ቤቶች

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያው ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ሆናችሁ የምታዳምጡን ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ታሪካዊ ሮኬቶችንና ሚሳኤሎችን በልካቸው አሳንሶ በወረቀትና በካርቶን ስለመሥራት ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ አቅርቡ። በዝግጅቱ መሐል አብረን የምናሰላው ነገር አለ።

ሮኬት የሚለው ቃል ለጎንደር ሰው ቀላል ቃል እንዳልሆነ እናውቃለን። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት መመታቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያን ሌሊት ድምፁን ሰምተው የደነገጡ ልጆች ዛሬ በየክፍላችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ርእሱን የመረጥነው አስበንበት ነው። ልጆቻችን ሮኬትን በድንጋጤ ብቻ እንዲያውቁት አንፈልግም። ያስፈራንን ነገር ስንለካው፣ ስንስለውና በእጃችን አሳንሰን ስንሠራው፣ በምን ኃይል እንደሚሄድ፣ ማን እንደሠራውና ለምን እንደሠራው እንረዳለን። ሞዴል ሠሪ ማለት ይህን ሁሉ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከታሪኩ እንጀምር። ሮኬት በኢትዮጵያ ምድር ላይ በጦርነት ሲተኮስ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር በሚገኘው በአሮጌ ሜዳ ሮኬት ተተኩሷል። ያ ሮኬት እዚያ የደረሰበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዥዎች የነበሩት ሃይደር አሊና ልጃቸው ቲፑ ሱልጣን ባሩድ በብረት ቱቦ እየጠቀጠቁ፣ ከቱቦው ጋር ረጅም ቀርከሃ እያሰሩ በእንግሊዞች ላይ ይተኩሱ ነበር። እንግሊዞች በዚህ መሣሪያ ክፉኛ ከተመቱ በኋላ ናሙናውን አገራቸው ወስደው አጠኑት። ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለው ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የራሱን ሮኬት አወጣ። የእሱም ሮኬት እንደ ማይሶሩ ሁሉ ረጅም ዱላ ነበረው። ከዚያ ዊልያም ሄል የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ዱላውን ጨርሶ አስቀረው። የሚወጣው ጋዝ በጠማማ ክንፎች ላይ እያለፈ ሮኬቱን በራሱ ዙሪያ እንዲያሽከረክረው አደረገ። የእንግሊዝ ጦር በመጨረሻ መደበኛ መሣሪያው ያደረገው ይህን የሄልን ሮኬት ነው።

የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቦምቤይ ተነሥቶ ዙላ ላይ ሲወርድ ከጦሩ ጋር ከባሕር ኃይል የተውጣጣ የሮኬት ቡድን ነበረ። አዛዡ የድራያድ መርከብ ካፒቴን ፌሎውስ ነበር። ከባድ መድፎቹን 44 ዝሆኖች ተሸከሙ፤ የሮኬት ማስወንጨፊያ ቱቦዎቹ ደግሞ ቀላል ስለሆኑ በበቅሎ ተጭነው ተራራውን ወጡ። አንድ መሣሪያ በበቅሎ መጫን መቻሉ እንደኛ ባለ ገደላም አገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሰሜንን ተራሮች የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

በዚያች ዕለት ፊታውራሪ ገብርዬ የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር እየመሩ ከፋላ አምባ ቁልቁል ወደ አሮጌ ወረዱ። ሮኬቶቹና አዲሶቹ ስናይደር ጠመንጃዎች ተቀበሏቸው። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው እንዳለቀ፣ ከእንግሊዞች ግን የቆሰሉት 20 ብቻ እንደነበሩ ተመዝግቧል። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ የቋራው ልጅ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽ ለማየት ወደ ጋፋት እንመለስ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ቴዎፊል ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ያሉ አውሮፓውያን ባለ እጆችን እዚያ ሰብስበው፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችንም አብረው አሰልፈው መድፍ አስቀለጡ። ከዚያ ከወጡት ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉና መንገድ እያስጠረጉ፣ ከ5 ወር በላይ በፈጀ ጉዞ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ ሞዴሉም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራ መድፍ እንዲመጣላቸው ብቻ አልጠየቁም፤ በአገራቸው የሚሠራ እጅ እንዲኖር ፈለጉ። ዛሬ ጦር መሣሪያ የመሥራት ሐሳብ የለንም። የሚሠራ እጅ ግን አሁንም እንፈልጋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። ሮኬት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መሄድ ነው፤ ሁለተኛውና ከባዱ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። የሮኬት ታሪክ በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የመመለስ ታሪክ ነው። ማይሶሮችና ኮንግሪቭ በዱላ መለሱት። ሄል በማሽከርከር መለሰው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የጀርመኑ ቪ-2 ደግሞ አራት ክንፍ አበጀ፤ በተጨማሪ ከጭራው በሚወጣው እሳት ውስጥ አራት ትንንሽ የግራፋይት መቅዘፊያዎች አስገባ፤ መቅዘፊያዎቹን የሚያዘው ጋይሮስኮፕ የተባለ አቅጣጫ ጠባቂ መሣሪያ ነበር።

ቪ-2 መጀመሪያ የተሳካለት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1942 ነው። ቁመቱ 14 ሜትር፣ ወፍራሙ ወገቡ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 3 ሜትር ከ56፣ ነዳጁን ሞልቶ ሲነሣ ክብደቱ 12 ቶን ተኩል ያህል ነበር። በአልኮልና በፈሳሽ ኦክስጅን ይሠራል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች በጣም የሚወዱት ሮኬት ነው፤ ቅርጹ ያማረ ነው፤ ሥዕሎቹና ልኬቶቹም በብዛት ታትመዋል።

ይህን ሮኬት የሚሠራ ተማሪ ግን ሙሉ ታሪኩን ማወቅ አለበት። ቪ-2 ለንደንና አንትወርፕ ላይ እየወደቀ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ገድሏል። የተሠራውም በአብዛኛው በዶራ ካምፕ እስረኞች ጉልበት፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች በረሃብ፣ በበሽታና በግፍ ረግፈዋል። ሞዴሉን ስትሠሩ ከሥሩ የምትለጥፉት ጽሑፍ ይህንንም ይናገር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነውንም አክሉበት፦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1946 አሜሪካኖች ከኒው ሜክሲኮ በረሃ ካሜራ አስረው ያስወነጨፉት ቪ-2 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ መሬትን ከሕዋ ፎቶ አነሣ። ከሕዋ የተነሣው የመጀመሪያው የመሬት ፎቶ ያ ነው።

ከጦር መሣሪያ ወደ ሕዋ መንኮራኩር የተሻገረው ቪ-2 ብቻ አይደለም። ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1957 ያመጠቀችው የሶቪየት ሮኬት አር-7 አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ሆና ነው የተፈጠረችው። ይህ ታሪክ ወደ እኛም ቤት ይመጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የምድር ምልከታ ሳተላይት መጠቀች። የወሰዳት ሎንግ ማርች 4ቢ ነው። የእሱ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ዶንግፌንግ 5 ከተባለው የቻይና ሚሳኤል ይደርሳል። እርሻችንን፣ ደናችንንና ውሃችንን ከላይ እንድታይ የተላከችው ሳተላይት በሚሳኤል የልጅ ልጅ ትከሻ ላይ ሆና ነው የወጣችው። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ሰው የሚጭንበት ነገርና የሚልክበት ዓላማ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። መጠን የምንለውን ነገር እንሥራ። ዛሬ የምንጠቀመው 1 ለ 50 ነው። ይህም ማለት በእውነተኛው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው በእኛ ሥራ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛውን ልኬት ወደ ሳንቲ ሜትር ቀይሩ፣ ከዚያ ለ50 አካፍሉ።

ቪ-2 ቁመቱ 14 ሜትር ነው ብለናል። በ1 ለ 50 ስንት ይሆናል? አስሉት።

(15 ሰከንድ ዝምታ)

14 ሜትር 1,400 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ50 ሲካፈል 28 ሳንቲ ሜትር። ወገቡ 3 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር፤ የክንፉ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ሎንግ ማርች 4ቢ ነው። ቁመቱ 45.8 ሜትር፣ የታችኛው አካሉ ውፍረት 3.35 ሜትር፣ የሦስተኛው ደረጃ ውፍረት 2.9 ሜትር ነው። አስሉ።

(15 ሰከንድ ዝምታ)

ቁመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ውፍረቱ ታች 6.7፣ ላይ 5.8 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሦስተኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የፋሲል ግንብ ወደ 32 ሜትር ከፍታ እንዳለው ይነገራል። በ1 ለ 50 ሲሠራ 64 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። ቪ-2 የግንቡን ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ሳተላይታችንን ያመጠቀው ሎንግ ማርች ግን ግንቡን በግማሽ ያህል ይበልጠዋል። ተማሪ በቁጥር ብቻ የሰማውን መጠን በዓይኑ የሚያየው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ሞዴል ሠሪ አንድ መጠን መርጦ ሁሉንም በዚያው የሚሠራው።

ክብደት ግን በሌላ ሕግ ይሄዳል። ርዝመት ለ50 ሲካፈል ክብደት ለ50 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ 50 በ50 በ50፣ ማለትም ለ125,000። የቪ-2 12 ቶን ተኩል 100 ግራም ይሆናል። 70 ኩንታሉ ሴባስቶፖል 56 ግራም ብቻ ነው። ይህን ሕግ የያዘ ተማሪ በተፈጥሮም ውስጥ ብዙ ነገር ይገለጥለታል፤ ትንሽ ጉንዳን ከክብደቷ በላይ የምትሸከመው፣ ትልቅ እንስሳ ወፍራም እግር የሚያስፈልገው በዚሁ ሕግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አሠራሩ እንግባ። ለጀማሪ ሎንግ ማርች ይቀላል፤ አብዛኛው ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ወረቀት በልኩ ጠቅልሎ በኮላ ማጣበቅ ይበቃል። ቪ-2 ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አፍንጫው ሹል፣ መሐሉ ወፍራም፣ ወደ ጭራው እንደገና የሚቀጥን ነው። እንዲህ አድርጉ፦ የጎኑን ሥዕል በ28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሣሉ። በየ2 ሳንቲ ሜትሩ አግድም መስመር አስምሩና በእያንዳንዱ መስመር ላይ ውፍረቱን ለኩ። በለካችሁት ውፍረት ልክ ከካርቶን ክብ ክብ ቁረጡ፤ መሐላቸውን ብሱና በቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ሰክታችሁ አጣብቁ። ከዚያ ቀጫጭን የወረቀት ቅዳጆችን ከአፍንጫ እስከ ጭራ አልብሱት። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ክንፎቹን በመጨረሻ ለጥፉ፤ አራቱም በእኩል ርቀት መቆማቸውን ከጭራው በኩል እያያችሁ አስተካክሉ።

የሄልን ሮኬት ለማሳያ ብቻ ሥሩት። እንደ ቪ-2 ያለ የጭራ ክንፍ ስለሌለውና ካልተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ለበረራ አይመችም። ለትምህርት ግን የኮንግሪቭን ባለ ዱላና የሄልን ባለ ጠማማ ክንፍ አጠገብ ላጠገብ ማስቀመጥ የሮኬትን ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳያል።

ለሚበር ሞዴል የምንመክረው በውሃና በአየር ግፊት የሚሠራውን ነው። ባሩድ፣ ክብሪትና ማንኛውንም ተቀጣጣይ ነገር ፈጽሞ አትንኩ። የሚያስፈልገው የለስላሳ መጠጥ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጥብቅ ቡሽ፣ ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ የካላማዳሪ ቫልቭ፣ ረጅም ጎማና የብስክሌት ፖምፓ ነው። የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ስስ ነው። የለስላሳው ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱም ከሎንግ ማርች 6.7 ሳንቲ ሜትር ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ጠርሙሱ የሞዴሉ የታችኛው አካል ይሆናል፤ ቀሪውን በቀጭን ወረቀት ታስረዝማላችሁ። የጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ ውሃ ሙሉ፤ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በማቆሚያ ላይ አቁሙት፤ በፖምፓው ንፉ። ግፊቱ ሲበረታ ቡሹ ራሱ ይለቃል፤ የታመቀው አየር ውሃውን ወደ ታች ሲገፋ ሮኬቱ ወደ ላይ ይነሣል። ቡሹን በገመድ ወይም በሽቦ አትሰሩት፤ መልቀቁ ነው ደኅንነታችሁ። የሚነፋው አዋቂ ይሁን፤ ከሮኬቱ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፤ ፊቱንም ከላዩ አያድርግ።

እውነተኛው ሎንግ ማርች በኮምፒውተር ይመራል፤ ሞዴሉ ግን ያለ ክንፍ ቀጥ አይልም። ሞዴል ሠሪዎች ለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው። ከሌላ ጠርሙስ የተቆረጠ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ክንፍ አድርገው ይለጥፋሉ፤ ከሩቅ አይታይም፤ ሥራውን ግን ይሠራል። ከዚያ ውሃው ሳይኖር ሞዴሉን በጣታችሁ ላይ ሚዛን አስይዙት፤ ሚዛን የሚይዝበት ቦታ የስበት ማዕከሉ ነው። እዚያ ላይ ረጅም ገመድ አስራችሁ ሰው በሌለበት ሜዳ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት። አፍንጫው ወደፊት ሆኖ ከዞረ ሚዛኑ ደኅና ነው። ጭራው ከቀደመ ወይም ከተንገዳገደ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ለስላሳ ጭቃ ጨምሩ፤ ወይም ክንፉን አሳድጉ። አፍንጫው እንዲቀድም የሚያደርገው የስበት ማዕከሉ አየሩ ከሚገፋበት ማዕከል ፊት መሆኑ ነው።

ሌላ ከውጭ መጽሐፍ የማታገኙት ነገር አለ፤ የእኛ ከፍታ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ይከብዳል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ 75 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ስለሳሳ ሮኬቱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ በመጠኑ ከፍ ይላል። ግን ሮኬቱ ሲወርድ የሚያዘገየውን ፓራሹትም የሚደግፈው አየር ይቀንሳል፤ በጎንደር ከባሕር ዳርቻ 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፌስታል ፓራሹት የሚበቃውን ሮኬት፣ እዚህ 34 ሳንቲ ሜትር አድርጉለት። ደባርቅ ላይ 35 ይሁን።

የወጣበትን ከፍታ ለመለካት ፕሮትራክተር፣ ክርና ጠጠር ይበቃል። ክሩን ከፕሮትራክተሩ መሐል አስራችሁ ጠጠሩን አንጠልጥሉ፤ በቀጥታው ጠርዝ በኩል አነጣጥሩ። ከማስወንጨፊያው 30 ሜትር ርቃችሁ በ45 ዲግሪ ካያችሁት ሮኬቱ ከዓይናችሁ በላይ 30 ሜትር ወጥቷል፤ በ30 ዲግሪ ከሆነ 17 ሜትር። መጀመሪያ ግን መሣሪያችሁን በፋሲል ግንብ ላይ ሞክሩት፤ 32 ሜትር ገደማ ካወጣላችሁ ልታምኑት ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመለያየታችን በፊት አጥብቀን የምንነግራችሁ ነገር አለ። በእርሻ፣ በሜዳ ወይም በወንዝ ዳር ወድቆ ያገኛችሁትን ጥይት፣ የሮኬት ስብርባሪ ወይም ምንነቱን የማታውቁትን ብረት አትንኩ፤ አታንሡ፤ ለሞዴል ብላችሁም አትቅረቡት። ቦታውን ልብ በሉና ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። የውሃ ሮኬትም ቢሆን ከመምህር ጋር፣ ቀበሌውን አስፈቅዳችሁ፣ ጎረቤትም አውቆት፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ርቃችሁ ብቻ ሞክሩ። በድንጋጤ የኖረ ጎረቤት በእኛ ሥራ ዳግም መደንገጥ የለበትም።

የዛሬውን ላጠቃልል። ከማይሶር እስከ አሮጌ፣ ከቪ-2 እስከ ሎንግ ማርች ያለው ሰንሰለት የሰው ልጅ ሮኬትን ቀጥ አድርጎ ለማስኬድ የደከመበት ታሪክ ነው። ያንኑ እውቀት ለመግደልም ለማወቅም ተጠቅሞበታል። ሞዴል ሠሪ ልኬቱንም ታሪኩንም በእውነት ይይዛል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን አይተውም።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በቡድን ሆናችሁ ከዛሬዎቹ ሮኬቶች አንዱን በ1 ለ 50 ሥሩ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ እውነተኛውን ልኬት፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ዘዴ፣ እንዲሁም ማን ለምን እንደሠራውና ማን እንደተጎዳበት። መምህራን፣ ሥራውን ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለታሪክ በጋራ አርሙት፤ ሦስቱ ትምህርቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ተማሪው የሚማረው ይበዛል። የሚቀጥለው ዝግጅታችን የፓራሹትን አቆራረጥ ያሳያል፤ አንድ ፌስታል፣ ክርና መቀስ ይዛችሁ ጠብቁን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)